«ከምንም ይሻላል» ማለትን ተዉ

ወገኖች፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዝ በተነሣ ቁጥር «ቤት ከመቀመጥ ይሻላል፣ ከምንም ይሻላል» እያላችሁ ነገሩን መዝጋታችሁ ይብቃ። ይህን ባለ ፋብሪካው ቢለው ለጥቅሙ ነው ብለን እናልፈው ነበር። የሚያሳዝነው የፋብሪካ ሠራተኛዋ ልጅ አጎት፣ የቀበሌው ሹምና ኢኮኖሚክስ የተማረው ወንድማችን ማለታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አጥንተው ነበር። የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር፣ የባንግላዴሹን ደግሞ 95 ዶላር አድርገው አቀረቡት። በዚያው ሪፖርት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ የመተካት ያህል ሰው ይለቅባቸው እንደነበር ተጽፏል። ርካሽ ነው የተባለው ጉልበት ተመልሶ ለሥልጠና ወጪና ለምርት መጓደል ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

«ከምንም ይሻላል» የምትሉት የእንግሊዛውያኑን ፈላስፎች የቤንታምንና የሚልን ፍልስፍና እየጠቀሳችሁ ከሆነ፣ ቢያንስ በቅጡ ጥቀሱት። የእነሱ መለኪያ የሁሉንም ሰው ደስታና ሥቃይ እኩል ቆጥሮ ማወዳደር ነው። እናንተ የምትቆጥሩት ደመወዝንና ዜሮን ብቻ ነው። የቤት ኪራዩን፣ ወር ሳይሞላ ከገጠር የሚላክላትን የወላጆቿን ብር፣ ጥላው የመጣችውን ትምህርት ማን ደመረው? ደግሞም ማወዳደር ካለብን ከረሃብ ጋር ብቻ ሳይሆን ልብሱን የሚገዛው ኩባንያ ሳይከስር ሊከፍል ከሚችለው ጋር ጭምር ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ደግሞ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ያስቆመናል፦ ሰውን ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ አድርገህ አትጠቀምበት ይላል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን ወደ ዓለም አቀፍ ንግድ አምጥቶ ግዴታዎችን ለያይቷል፦ መብትን አለመንፈግ፣ ሌላው እንዳይነፍግ መከላከል፣ የተነፈገውን መርዳት። ሦስተኛውን በኩባንያ ላይ በግዴታነት አይጭነውም፤ ሁለቱን ግን የትም አገር ቢሆን ይጭናል። ስለዚህ ፋብሪካው ለከተማው ትምህርት ቤት ሠራ ተብሎ የተቆለፈ የአደጋ በር ይቅር አይባልለትም። አሁንም የውኃ ጉድጓድ ያስቆፈረና ቦርሳ ያደለ ድርጅት ስታዩ የደመወዙን ጥያቄ ትረሳላችሁ።

«ይህ የፈረንጅ መለኪያ ነው» የምትሉም አላችሁ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1948 የሰብዓዊ መብቶችን ሁለንተናዊ መግለጫ ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች። የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የያዙትን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች 87ንና 98ን እ.ኤ.አ. በ1963 አጽድቃለች። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ጽፎታል። የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስጠው የሚለውንስ መስጊድ ያስተማረን፣ ፀሐይ ሳይገባበት ስጠው የሚለውን ቤተ ክርስቲያን ያነበበልን ማን ተርጉሞልን ነው?

መብት ሲጎድል ምን እንደሚመጣ በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አጠገብ፣ ሳቫር ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 ባለ ስምንት ፎቁ ራና ፕላዛ ተሰነጠቀ። ታች ያለው ባንክ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ላይኛው ፎቅ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ፤ ደመወዝ እንቆርጣለን የሚል ማስፈራሪያም ነበር። ሕንፃው ተደርምሶ 1,134 ሰው ሞተ። ስንጥቁን ሁሉም አይቶታል፤ አልገባም የሚልበት ማኅበር ግን ልብስ ሰፊዎቹ አልነበራቸውም።

የምርመራ ወረቀትም አያስተማምናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በፓኪስታኗ ከተማ ካራቺ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው የተቃጠለበት ፋብሪካ ከሳምንታት በፊት የሠራተኞች የሥራ ሁኔታና ደኅንነት ምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። ቀኑ አስቀድሞ የተነገረ ምርመራ የሚያየው የተጠረገ ወለል፣ የተከፈተ በርና ለመርማሪ የተዘጋጀ የደመወዝ መዝገብ ነው። መርማሪ ሠራተኛን ከግቢ ውጭ፣ አለቃ ሳይኖር ካላነጋገረ ምንም አላየም።

እንግዲህ እኅት ወይም ልጅ በፋብሪካ ያላችሁ፣ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት የደመወዝ ወረቀቷን አብራችሁ አንብቡ። በመጀመሪያ መነሻ ደመወዙን ከጉርሻው ለዩ፤ አንድ ቀን በመቅረት የሚጠፋ የመገኘት ጉርሻ ደመወዝ አይደለም። ቀጥሎ መነሻውን ለ208 ሰዓት (26 ቀን በ8) አካፍሉ። 3,120 ብር ከሆነ በሰዓት 15 ብር ይመጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ 22.50 ብር ማለት ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75 ተባዝቶ 26.25፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2 ተባዝቶ 30፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ 37.50 ይሆናል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ተቀናሹ በምንም ምክንያት ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። «ኮታ አልሞላሽም» ተብሎ የተሠራ ትርፍ ሰዓት ሳይመዘገብ የሚቀርበት አሠራር ካለ፣ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ትጻፍ።

ዝምታውን በትዕግሥት ስም አታቆዩት። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መጠየቂያው ክፍያው ከሚገባበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው፤ ያለ አግባብ የተባረረ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለው በ3 ወር ውስጥ ነው። የካራቺ ተጎጂዎች የፋብሪካውን ጀርመናዊ ደንበኛ ዶርትሙንድ ፍርድ ቤት ከሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ክሱ የወደቀው በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ በማለፉ ነበር። ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ይበቃል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2011 የተቀበላቸው የንግድና የሰብዓዊ መብት መርሆዎች ገዢው ኩባንያ በአቅራቢው ፋብሪካ ለሚደርስ ጉዳትም ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የጸናው የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ ደግሞ ትልልቅ ኩባንያዎችን የቅሬታ መቀበያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ልጆቻችን በሚሰፉት ልብስ አንገት ላይ ያለውን የኩባንያ ስም ጽፋችሁ ያዙ። ጀርመን የምትኖሩ ወገኖች ቋንቋውን ታውቃላችሁ፤ መቀበያውን ፈልጋችሁ ቅሬታውን ማስገባት የእናንተ ፈንታ ነው።

ሹሞችም ስሙ። ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ደንብ ወጥቶ እንዲቋቋም ካዘዘ ዓመታት አለፉ። ባለሀብት ስትቀበሉ የሠራተኛችንን ርካሽነት የመጀመሪያ ስጦታ አድርጋችሁ ከማቅረባችሁ በፊት ስለዚህ ቦርድ መልስ ስጡ።