ጀርባ የተሰጠው ሞተር

ከባድ ሞተር ሳይክል ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሲበር ሳይሆን ሊቆም ሲል ነው። ባለቤቱ መሪውን ጠምዝዞ ቀስ እያለ ሲዞር የፊት ፍሬኑን ጨበጥ ያደርጋል፤ ወይም የጎን ማቆሚያውን ያወረደ ይመስለውና ይወርዳል። 250 ኪሎ ብረት ሳይቸኩል ይጋደማል። ባለቤቱ ታዲያ መጀመሪያ የሚያየው እግሩን አይደለም፣ የሚፈሰውን ቤንዚንም አይደለም። ማን እንዳየው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሚሠራው ኀፍረት ነው። ጎንበስ ብሎ መሪውን በሁለት እጁ ያንቅና «እህ!» ይላል። ሞተሩ ንቅንቅ አይልም፤ ወገቡ ግን ቀጭ ይላል።

የሚያውቅበት ሰው ሞተሩን ያጠፋል፣ ሲጋራ የያዘውን ተመልካች ያርቃል። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ ዕድለኛ ነው፤ ማቆሚያውም የማርሽ መርገጫውም በግራ ስለሆኑ ሽቅብ ቀርተዋል። ማቆሚያውን ይዘረጋል፣ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፤ እምቢ ካለ የኋላውን ጎማ በእጁ ወዝወዝ ያደርጋል። በግራ ከወደቀ ግን ሁለቱም ከሥር ናቸው፤ ያኔ የፊት ፍሬኑን ጨብጦ በገመድ ያስረዋል። አለዚያ ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ተንሸራቶ ይሄዳል።

አሁን መሪውን ወደ ወደቀበት ጎን እስከ መጨረሻው ያዞርና ለሞተሩ ጀርባውን ይሰጠዋል። መቀመጫውን መቀመጫው ላይ ያሳርፋል (ቋንቋችን ለሁለቱም አንድ ቃል የሰጠው ለዚህ ቀን ሳይሆን አይቀርም)። ቁጢጥ እንዳለ አንድ እጁ የታችኛውን የመሪ መያዣ፣ ሌላው ከኋላ ጠንካራ ብረት ይይዛል፤ የጋለው ጭስ ማውጫ ግን አይነካም። ጀርባው ቀጥ፣ ክንዱ ዘርጋ፤ የሚገፋው ጭኑ ነው። በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከባዱ መነሻው ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ይቀላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ደስ ብሎት አንዴ ገፋ ካደረገ በወዲያኛው በኩል ይዘረጋዋል።

አጋዦች ከመጡማ ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ ስፖኪዮውን፣ ሌላው ፍሬቻውን ይዞ «አንድ፣ ሁለት...» ይላል። ሦስት ሳይባል አንዱ ፍሬቻውን በእጁ ይዞ ቀርቷል።

ሞተሩ ቀና ብሎ ከቆመም በኋላ ወዲያው ቁልፉ አይዞርም፤ ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደር ውስጥ የገባችው ዘይት ተቃጥላ ሰማያዊ ጭስ ሆና ልትወጣ ትችላለች። ይቺን ሲጠብቅ የነበረ ተመልካች ደግሞ አይጠፋም፦ «ወንድሜ፣ ይሄማ ዘይት ይበላል። ሽጠው!»