አስታማሚ ነው እንዴ ቱቦ ያስገባው?

ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ የጤና ኃላፊ «ሆስፒታል ውስጥ ኢንፌክሽን የሚያዛምተው አስታማሚው ነው፣ ከአሁን በኋላ ለአንድ ታካሚ አንድ አስታማሚ ብቻ» ሲሉ ሰምቼ ደሜ ፈላ።

እሺ አስታማሚ ይበዛል፣ ጋቢውን አንጥፎ ወለል ላይ ይተኛል፣ ማን ካደ? ግን የሽንት ቱቦውን ማን አስገባው? እጅ ላይ ለመድኃኒትና ለግሉኮስ የሚሰካውን ካኑላስ ማን ሰካው? ከአዘዞ ምሳ ይዛ የመጣችው እናት ናት? እንዲያውም ውሃ ሲጠፋ በጀሪካን ተሸክሞ የሚያመጣው ያው የተወነጀለው አስታማሚ ነው፣ የጎንደርን ውሃ ደግሞ ለናንተ አይነገርም።

የኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ ቱቦው ለምን እስካሁን አለ? አምና አጎቴን ሳስታምም (ሆስፒታሉን አልጠራም) ጭኑ ተሰብሮ ከደምቢያ በመጣ ዕለት ካቴተር፣ ማለት ያው የሽንት ቱቦ፣ ገባለት፣ ኦፕራሲዮኑ አለቀ፣ በክራንች መቆም ሁሉ ጀመረ፣ ቱቦው ግን እዛው። በዘጠነኛው ቀን ብርድ ብርድ ብሎት ሲያንቀጠቅጠው ሲስተሯን ብጠይቃት «ዶክተሩ ይውጣ አላለም»፣ ዶክተሩን ብጠይቀው «እንዴ፣ አልወጣም እንዴ?» አይለኝ መሰላችሁ! በቃ በሽታው ይሄ ነው። ቱቦ ፊኛ ውስጥ በቆየ ቁጥር ባክቴሪያው እንደ ጋን አተላ ላዩ ላይ ይጋገርበታል፣ አንዴ ከተጋገረ አንቲባዮቲክም እንደልብ አይደርስበት፣ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል፣ እስቲ የአጎቴን ዘጠኝ ቀን ደምሩት።

ቱቦው የገባበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፎ የሽንት ከረጢቱ ላይ መለጠፍ፣ ጠዋት ዶክተሮቹ ታካሚዎችን ሲዞሩ (ራውንድ ላይ) «ዛሬም ያስፈልገዋል?» ማለት፣ ካላስፈለገ ሲስተሯ ትዕዛዝ ሳትጠብቅ እንድታወጣው መፍቀድ፣ ይሄ የስንት ብር ፕሮጀክት ነው? አሜሪካ ሚቺጋን ውስጥ ከ100 በላይ አይሲዩዎች (የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች) በትልቁ ደም ስር ለሚገባው ቱቦ አምስት ነገር ብቻ አጥብቀው ይዘው በ18 ወር ኢንፌክሽኑን እስከ 66 በመቶ አወረዱት፤ እጅ መታጠብ፣ ጋውንና ጓንት አሟልቶ መልበስ፣ ቆዳውን ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ ማጽዳት፣ በጭን በኩል አለማስገባት፣ አምስተኛዋ ደግሞ ምን መሰለቻችሁ፣ ያላስፈለገውን ማውጣት! አስታማሚ ማባረር የሚል ስድስተኛ የለም።

ነርስ አነሰ የምትሉት እውነት ነው፣ ግን የወጣ ቱቦ ነርስ አያደክምም።

ለማንኛውም ኃላፊው ነገ ጠዋት አንድ ዋርድ ገብተው የተንጠለጠሉትን ከረጢቶች አንድ በአንድ ይዩልኝ፣ ሁሉም ላይ ቀን ተጽፎ ካገኙ አስታማሚዎቹን እኔ ራሴ አስወጣላቸዋለሁ።