እግዜርንስ ማን ፈጠረው?

በሠፈራችን አንድ አባት አርፈው ሁለተኛው ሌሊት ነበር። እድሩ ድንኳኑን ግቢው ውስጥ ጥሎታል። ወንዶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረን እናመሻለን፤ ከፊሉ ካርታ ይጫወታል፣ ከፊሉ ቆሎ ይቆረጥማል። የሟች የልጅ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሻይ የምታዞረውን አክስቷን ቀሚስ ይዛ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። እኔ ፊት ሲደርሱ ቆም አለችና «አባባን ማን ወሰደው?» አለቻት።

«እግዚአብሔር።»

«ለምን?»

«እሱ አይደል የፈጠረው? የራሱን ነው የወሰደው።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እግዜርንስ ማን ፈጠረው?»

አክስትየው ትሪውን ባንድ እጇ እንደያዘች በሌላው የልጅቷን አፍ ያዘች። «ዝም በይ! እንዲህ አይባልም፤ ኃጢአት ነው!» የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ፤ ሮጣ ወደ ቤት ገባች። አክስትየውም ብትሆን ሁለት ቀን እንቅልፍ ያላየች፣ አባቷን የቀበረች ሴት ናት፤ አልፈርድባትም። ያቺ የልጅ ፊት ግን ሌሊቱን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

አጠገቤ የተቀመጠው የሟች የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ተምሮ ሶፍትዌር የሚሠራ ጎልማሳ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም ካቆመ ዓመታት ሆኖታል። ሁላችንም እናውቃለን፤ በሐዘኑ ቀን ግን ማንም አላነሳበትም። ራሱ አነሳው።

«ምን አጠፋች? ያስተማራችኋትን ነው መልሳ የጠየቀቻችሁ። ‹ወንበሩን አናጢ፣ ቤቱን ግንበኛ፣ ዓለሙን እግዚአብሔር፤ ያለ ሠሪ የሚሆን ነገር የለም› አላችኋት። ሁሉ ነገር ሠሪ ካለው እግዚአብሔርም ሊኖረው ነዋ። የለውም ካላችሁ ደግሞ ሠሪ የሌለው ነገር ይኖራል ማለታችሁ ነው። እንግዲያው ሠሪ የሌለው ዓለሙ ራሱ ቢሆንስ?»

መሪጌታ ፊት ለፊታችን ነበሩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ወንዙን ሽቅብ ተከትለህ ምንጩ ጋ ደረስክ እንበል። እዚያ ቆመህ ‹የምንጩስ ምንጭ የት ነው› ትላለህ? የተፈጠረ ከሆነ ፍጡር ነው፣ ፈጣሪ አይባልም።»

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምንጭም እኮ ከዝናብ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ሲጠፋ ይደርቃል። ምንጩ ጋ ያቆሙት እርስዎ ነዎት፤ ውኃው አላቆመም።»

መሪጌታ ዝም አሉ። ሳየው ዝምታቸው የመሸነፍ አልነበረም፤ ምሳሌው እንዳልበቃ ገብቷቸዋል። በኋላ ላይ የተናገሩት ነው ነገሩን የገለጠልኝ፤ እደርስበታለሁ።

ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ካርታቸውን አስቀምጠው ገቡበት። «ይህች ልጅ የጠየቀችውን የኛው ፈላስፋ ዘርዐ ያዕቆብ ጠይቆታል። በሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ‹እኔን ማን ፈጠረኝ?› አለ። አባትና እናቴ እንዳይል እነሱም ወላጅ አላቸው። ወላጅ የሌላቸው የመጀመሪያዎቹ ዘንድ እስኪደርስ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከዚያም ያልተፈጠረ ፈጣሪ ባይኖር ፍጥረት አይገኝም ነበር ብሎ ደመደመ።»

«ጋሼ፣ የሱ ነው የሚባለውን ‹ሐተታ› የሚሉትን መጽሐፍ የጻፈው ጣልያናዊ ሚሲዮናዊ ነው ይባል የለም እንዴ?»

«ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣልያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ ነው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ጻፈው ያለው፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ዕድሜውን ሰጥቶ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ ዛሬም አልሞተም። ግን ማንም ይጻፈው፣ አሳቡ ይቆማል ወይስ ይወድቃል? እሱን ንገረኝ።»

«ይወድቃል» አለ ልጁ ሳያመነታ። «እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1927 ለንደን ላይ ሲናገር፣ በ18 ዓመቱ እምነቱን ያስተወው ይኸው ጥያቄ መሆኑን ገልጿል። የጆን ስቱዋርት ሚልን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ፣ የጆን አባት ልጁን ‹ማን ፈጠረኝ የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ወዲያው እግዜርን ማን ፈጠረው ያስከትላል› ብሎ እንዳስተማረው አገኘ። አያችሁ፣ እዚያ አባት ለልጁ ነግሮታል። እዚህ አፏ ተያዘ።»

ይህ ሁላችንንም ነካን። ጥቂት ጊዜ የካርታው ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ቀጥሎ የተናገረው ድንኳኑ ውስጥ መብራት የዘረጋልን ጎረቤታችን ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ሙስሊም፤ ከሟች ጋር አጥር ተጋርተው ሃያ ዓመት ኖረዋል። «እኛ ዘንድ» አለ፣ «ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም የተናገሩት አለ። ሰይጣን ወደ አንዳችሁ እየመጣ ይህን ማን ፈጠረው፣ ያንን ማን ፈጠረው ይላል፤ በመጨረሻ ጌታህንስ ማን ፈጠረው ይላል። እዚህ የደረሰ በአላህ ይጠበቅ፣ ያቁም ብለዋል።»

«እሱም ያው አትጠይቅ ነው» አለ ልጁ።

«አይደለም። ልጅ ሆኜ ስቀራ ኡስታዜ ያስረዱኝ እንዲህ ነው፤ አቁም የተባለው ማሰቡን ሳይሆን መጨረሻ የሌለውን መቀጣጠል ነው። ተሰልሱል ይሉታል። ቆይ፣ ላሳይህ።»

ተነሣና የድንኳኑን አምፖል በጣቱ አመለከተ። «ይህ ብርሃን ከየት መጣ? ከዚህ ገመድ። ገመዱስ? ከዚህ ማከፋፈያ። ይኸኛውስ? ቤታችን ካለው ሌላ ማከፋፈያ፤ አንዱ አልደርስ ብሎኝ ሁለት ቀጥያለሁ። አሁን፣ ሺህ ማከፋፈያ ልቀጥል። ሚሊዮን ልቀጥል። መጨረሻ የሌለው ልቀጥል። የአንዱም ስፒና ኃይል ያለበት ግድግዳ ላይ ካልተሰካ አምፖሉ ይበራል?»

«አይበራም።»

«ማከፋፈያ ሁሉ የሚሰጠው የተዋሰውን ነው። የተዋሰ ብቻ ቢደረደር፣ ረዘመ አጠረ፣ የሚዋሱት ነገር አይገኝም። የራሱ ያለው ያስፈልጋል።» ይህን ብሎ ጎንበስ አለና ስፒናውን ነቀለው።

ድንኳኑ ጨለመ። ከቤት ውስጥ ሴቶቹ «ምነው? ምን ሆነ?» ሲሉ ተሰማ። ወዲያው መልሶ ሰካው። ብርሃኑ ሲመለስ ልጁ አምፖሉን ትክ ብሎ ሲያይ አገኘሁት።

«ልብ በል» አለው ሠራተኛው፣ «አያትህ አባትህን ወለዱ፣ አባትህ አንተን። አያትህ ትናንት ተቀበሩ፣ አንተ አለህ። በወላጅ ሰንሰለት የፊተኛው ቢሄድ የኋለኛው አይጠፋም። የመብራቱ ግን ሌላ ነው፤ ስነቅለው በዚያው ቅጽበት ጠፋ። እኛ ፈጣሪ የምንለው ድሮ ሠርቶ የሄደ አናጢ አይደለም። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ የሰካን ነው።»

መምህሩ ደስ ብሏቸው ነበር። የሙስሊሞቹ ፈላስፋ ኢብን ሲና ከሺህ ዓመት በፊት ይህንኑ እንዳለ፣ የካቶሊኮቹ ሊቅ ቶማስ አኲናስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰው ከሰው እየተወለደ ወደ ኋላ ማብቂያ ባይኖረው በአመክንዮ ብቻ ስሕተት ነው ማለት እንደማይቻል፣ በአንድ ጊዜ አንዱ በአንዱ ላይ የቆመው ሰንሰለት ግን መነሻ ካላገኘ እንደማይሆን መጻፉን ነገሩን። ግን ሐቀኛ ሰው ስለሆኑ በልጁም በኩል አንድ ነገር ጨመሩ።

«ግድግዳውም መነሻ አይደለም እኮ። ከግድግዳው ወደ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው ወደ ትራንስፎርመሩ፣ ከዚያ በከፍተኛ መስመር ወደ ግድቡ። ጊቤም በለው ህዳሴ፣ ተርባይኑን የሚያዞረው ውኃ ነው። ውኃው ዝናብ ነበር፤ ዝናቡን ከባሕር ያነሳው የፀሐይ ሙቀት ነው። ፀሐይ ደግሞ በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን የሚያህል ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም ትለውጣለች። ሃይድሮጂኑ የዛሬ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ፣ ታላቁ ፍንዳታ (ቢግ ባንግ) በሚሉት ጊዜ ነው የተገኘው። እንግዲህ ይህች አምፖል የምታበራው በዚያ ሃይድሮጂን ነው።»

«እሺ» አለ ልጁ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ «እዚያ ለምን አናቆምም? የራሱ ያለው ያ ቢሆንስ? አንድ እርምጃ ጨምረን እግዚአብሔር የምንለው ለምንድን ነው?»

መሪጌታ «ጅማሬ አለውና። ዓለም መጀመሪያ እንዳለው ሳይንሱም አመነ» አሉ።

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀስ እንበል መሪጌታ። የታላቁን ፍንዳታ ንድፈ አሳብ ያመነጨው ሌሜትር እኮ እንደ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ቤልጅጋዊ ቄስ። እ.ኤ.አ. በ1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ ግኝቱን ለፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲናገሩ ደስ አላለውም። ሳይንሱ ነገ ቢለወጥ እምነቱን ይዞት እንዲወድቅ አልፈለገም። ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ፣ ‹በፊት› የሚባል ነገር መኖሩንም ፊዚክስ ገና አልቆረጠም።»

ልጁ ይህን አግኝቶ ቀጠለ። ራስል እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ ሬዲዮ ከኮፕልስተን ከሚባል ካህን ጋር ሲከራከር፣ እያንዳንዱ ሰው እናት አለው ማለት የሰው ዘር በሙሉ አንድ እናት አለው ማለት አይደለም ብሎ መመለሱን ነገረን። «ዓለም ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ከሌላ ይዋስ። ዓለሙ በጠቅላላው ግን የተዋሰ ነው ያለው ማነው?»

መልስ ሳይገኝለት ጥቂት ቆየ። ከዚያ መሪጌታ፣ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚነግሩ ይመስል እንዲህ አሉ፦ «ሙሴ ስሙን ሲጠይቀው ‹ሠሪው ነኝ› አላለውም። ‹ያለና የሚኖር እኔ ነኝ› ነው ያለው። ለኛ መኖር የጸጋ ነው። ለእርሱ የባሕርይ ነው።» ወደ አምፖሉ ቀና አሉ። «ወንድሜ ውሰት ያለው፣ እኛ ጸጋ የምንለው ነው።»

ሠራተኛው ፊቱ በራ። «ዋጂቡል ውጁድ ይሉታል የኛዎቹ። መኖሩ ግድ የሆነ።»

ሌሊቱ ወደ ሰባት ሰዓት ሲሆን ተበተንን። ያመሸሁበትን እስካሁን ሳብላላው ነው የከረምኩት፤ የደረስኩበትንም ልናገር።

ልጁ በአንድ ነገር ፈጽሞ ትክክል ነው። «ሁሉ ነገር ፈጣሪ አለው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከአፋችን ልናወጣው ይገባል። ለልጆቻችን ያስተማርነው እኛ ነን፣ ስሕተቱም የኛ ነው። አምላክን ለማስረዳት ብለን የምንሰጣቸው ሕግ ራሱ አምላክን የሚያስወጣ ከሆነ፣ ልጅ ስትይዘን አፏን መያዝ ግፍ ነው። ኢብን ሲናም አኲናስም እንዲህ አላሉም፤ ዋሻ ውስጥ ያለው ዘርዐ ያዕቆብም አላለም። ያሉት የተዋሰ ሁሉ የሚያውሰው አለው ነው። ይህ ሕግ እግዚአብሔርን ነጥሎ አይምርም፤ የራሱ ያለው ምንም ይሁን ምን አይነካውም። ስለዚህ «እግዜርን ማን ፈጠረው» ለሚለው «ማንም» ብሎ መመለስ ማምለጫ አይደለም። ማከፋፈያው መሰካት አለበት ያለ ሰው ኃይሉ ራሱ የት ተሰካ ተብሎ አይያዝም።

የራስልን ነገር ግን ቀላል አድርጌ አላየውም። መንጋው እናት የለውም፣ እያንዳንዱ በግ ቢኖረውም። ያም ሆኖ ጡቡ ሁሉ ቀይ የሆነ ግድግዳ ቀይ ነው። አንዳንዱ ነገር ከክፍሎቹ ወደ ጠቅላላው ይተላለፋል፣ አንዳንዱ አይተላለፍም። ጥያቄው መዋስ ከየትኛው ወገን ነው የሚለው ነው። እኔ ከጡቡ ወገን ነው እላለሁ፤ ማከፋፈያው ሚሊዮን ቢሆን ክምሩ በሙሉ አንዲት አምፖል አያበራም፣ መብዛቱ የራሱ የሆነ ነገር አይጨምርለትምና። ሃይድሮጂኑም ለኔ መቆሚያ አይሆነኝም። ክብደቱ ይህን ያህል፣ ሙቀቱ ያን ያህል የሆነ፣ በሌላ መልክ ሊሆን ይችል የነበረ ነገር ስለ መኖሩ ምክንያት ይጠየቃል። ልጁ «ዓለሙ ግድ ነው» ቢል ከባድ ነገር መሸከሙን ይወቅ፤ እኔም «አምላክ ግድ ነው» ስል ከባድ ነገር መሸከሜን አውቃለሁ። እንደኔ ከሆነ የኔው ይቀላል። የእሱን ግን የሞኝ ንግግር ነው የሚል ሰው ነገሩን አላሰበበትም።

አንድ ነገርም አልደብቅም። ያ የሌሊቱ ክርክር የሚያደርሰው የራሱ ያለው አንድ አለ እስከማለት ነው። እንባ የሚያብስ፣ ሽማግሌውን በእቅፉ የተቀበለ መሆኑን አምፖል አይነግረኝም። ያን የማምነው ከሌላ መንገድ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጌ ልጁን ላሳምን ብሞክር እዋሸዋለሁ።

በማግስቱ ሠልስት ነበር። ሰው ገና ሳይሰበሰብ ልጅቷ ድንኳኑ ደጃፍ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። እጇን ይዤ ገመዱን እየተከተልን ሄድን፤ የመጀመሪያው ማከፋፈያ፣ ከአጥሩ ማዶ ሁለተኛው፣ ሶኬቱ፣ ቆጣሪው። ምሰሶው ላይ ያለውን ትራንስፎርመር አሳየኋት። «ከዚያስ?» ትላለች በየደረስንበት። ግድቡን ነገርኳት፣ ዝናቡን፣ ፀሐይዋን። አክስቷ በረንዳው ላይ ቡና ትቆላ ነበር። ፀሐይ ላይ ስንደርስ ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና ዱካዋን ሳብ አድርጋ ወደኛ ዞራ ተቀመጠች።