በሞረድ የጠፋ ስም

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር አንስቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

አንድ ወጣት በኤድስ ሞተ። መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አልደረሰለትም። እናቱ ያላቸውን አንዲት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ወደ አንጥረኛ ወስደው ማስታወሻ አሠሩለት። ጠገራዋ 28 ግራም ትመዝናለች፤ ከመቶ 83 እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። አንጥረኛው ቦራክስ የሚባለውን የማቅለጫ ጨው ነስንሶ አቀለጠው፤ በመዶሻ ሲቀጠቅጠው እየደረቀ ሊሰነጠቅ ሲል በእሳት እያለዘበ ጥብጣብ አወጣለት፤ እንደ ኤድስ ሪባን አጥፎ መጋጠሚያውን በየደው። ቀይ የመስታወት ቀለም ሊያቀልጥበት አልደፈረም፤ ቀለሙ የሚፈልገው ሙቀት መዳብ የበዛበትን ብር ራሱን ማቅለጥ ይጀምራል፤ በብሩሽ የሚቀባው ደግሞ ላብ ሲነካው ይላጣል። ስለዚህ አንዲት ቀይ ዶቃ አሰረበት፤ ከጀርባው የልጁን ስም ቀረጸ። እናት ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት።

እሳቸው ሲያርፉ ሠልስታቸው እንኳ ሳይወጣ ዘመዶች «ይህ ጌጥ ቤታችንን ያሰድባል» ብለው ክሩን በመቀስ ቆረጡት። ወደ ሌላ አንጥረኛ ወሰዱና «ቀለበት አድርግልን» አሉት። እሱም አደረገ! ጽሑፉ በላይ በላዩ የተጫረ ነበርና ሞረዱ ጥቂት ሲመላለስበት ስሙ ዱቄት ሆነ።

ምን አድርጓችሁ ነው? የታመመ ልጅ ነበር። ተጨንቆ የሞተ ልጅ።

እኛስ? በየለቅሶው «ሳንባ ነው» እያልን ስንቱን ቀበርን! ቀዩን ሪባን በ1991 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ሠዓሊያን ያወጡት ሰው አፉን የዘጋበትን ሐዘን ደረት ላይ ለማሳየት ነበር። እኛ ኅዳር 22፣ በዓለም የኤድስ ቀን፣ ለስብሰባ እንሰካዋለን፤ ከአዳራሽ ስንወጣ እንነቅለዋለን። የራሳችንን ሟች ስም ግን ልንጠራ እናፍራለን።

አንጥረኞች ሆይ፣ ለሟች ስም ስትቀርጹ በመርፌ አትጫሩት፤ በመቅረጫ ግማሽ ሚሊ ሜትር አጥልቁት። ጥብጣቡን መጀመሪያውኑ ወፈር አድርጉት፣ አለዚያ ይበሳል። ስም ያለበት ጌጥ ይጥፋልን ብሎ የመጣ ካለ፣ የማን ስም እንደሆነ ጠይቁት። ገንዘቡ ይቅርባችሁ።

ዘመዶች፣ ቀለበቱ ጣታችሁ ላይ ነው። የውስጥ ገጹ አንድ ስም ይችላል፤ ማንም ሳያይባችሁ ልታስቀርጹት ትችላላችሁ። እንደምታደርጉት እርግጠኛ አይደለሁም። ደክሞኛልም። ግን አሁንም እለምናችኋለሁ።