ማዮማ፣ እዚህም እዚያም

ዋሽንግተን አካባቢ ያለን የሰሜን ሸዋ ሴቶች ስንገናኝ የማናነሳው ወሬ የለም። ስለ ማዮማ ግን ጭጭ ነው። አሜሪካ በተደረገ ጥናት ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት 50 ዓመት እስኪሞላቸው ይህ የማህፀን እጢ ይወጣባቸዋል። ነጮቹም ወደ 70 በመቶ ይጠጋሉ። እኛን ግን ቀድሞ ይይዘናል፤ በቁጥርም በመጠንም ይብስብናል። ካንሰር አይደለም። ካላስቸገረ ክትትል ይበቃዋል።

ማዮማው ደም የሚያበዛባት ሴት ጣጣዋ ሌላ ነው። መንዝ ውስጥ ደም ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ውጭ ቆማ ትሳለማለች። ወሩን ሙሉ ውጭ ስትቆም አገር ያያታል። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚወስዳት ዘመድም አይጠፋም። እሰየው፤ ጠበሉን አልነቅፍም። ደብረ ብርሃን ወስዶ አልትራሳውንድ የሚያሳያት ግን ፊቷ ገርጥቶ፣ ሆዷ ገፍቶ «አረገዘች» ከተባለች በኋላ ነው የሚገኘው። ያኔ ወሬው በአብዛኛው ኦፕራሲዮን ነው። እሷ ደግሞ «ማህፀኗ ወጣ» መባሉን ከበሽታው አብልጣ ትፈራለች።

እዚህ ምርጫው ሞልቷል። ደም የሚቀንስ እንክብል አለ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ አለ። ማህፀን ሳይወጣ እጢውን ብቻ ማውጣትም ይቻላል፣ ምንም እንኳ ተመልሶ ሊወጣ ቢችል። በቀጭን ቱቦ በደም ስር ገብቶ እጢውን የሚመግበውን ደም መዝጋትም አለ። በኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነችው ኮንዶሊዛ ራይስ በ2004 እ.ኤ.አ. ያደረገችው ይህን ነው። ገና መውለድ ለምታስብ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመከረው እጢውን ማውጣት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ የጥቁር ሴት ማህፀን ከነጯ ይበልጥ ይወጣል። አንዷን ጓደኛዬን ሐኪሟ «ልጆች አሉሽ አይደል? ይውጣ» ብሎ ዘጋው። ደም ስሩን የሚዘጋው ሌላ ሐኪም፣ የራዲዮሎጂ ሰው ነው። የማህፀን ሐኪሙ ካላነሳው ከየት ትስማው? እኛም እርስ በርስ አንነጋገርም።

ደብረ ሲና ያለችው የአክስቴ ልጅ ጋ ስደውል አሁን ከሰላምታው ቀጥዬ «ሞዴስ በስንት ሰዓት ትቀይሪያለሽ?» እላታለሁ። «አንቺ ደግሞ አታፍሪም!» ብላ ሳቀችብኝ። ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዳንዴ በየሰዓቱ» አለችኝ። ይሄ ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም። የደም ማነስ ምርመራና አልትራሳውንድ እንድታደርግ ተስማምተናል። ለባሏ የምነግረው እኔ ነኝ።