«ፎርማሊቲ ነው፣ ፈርም!»

ቅዳሜ ጠዋት የሕንፃችን ስብሰባ ነበር። ሊያልቅ ሲል አንድ ወረቀት መዞር ጀመረ። እኔ ጋ ሲደርስ ከመፈረሜ በፊት ገጹን ገለጥ አደረግሁት። ጥፋቴ ይኸው ነው። ከኋላዬ አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ። አንዷ ስልኳ ላይ ሰዓት አየች። ሰብሳቢው፣ «ምኑን ታነበዋለህ ወንድሜ? ፎርማሊቲ ነው። ፈርምና አሳልፈው!» አለኝ። ከጥግ በኩል ደግሞ፣ «ጠበቃ ነህ እንዴ?» የሚል መጣ። ተሳቀ።

እናንተም ደርሶባችኋል፤ ለማን እነግራለሁ። ስለዚህ ዛሬ ቅሬታ አላቀርብም። ዛሬ ምስጋና ነው። ሳያነብ ለሚፈርመው፣ አንባቢውንም ለሚያሳፍረው ሕዝባችን ምስጋና ይድረሰው። እንዴት ያለ እምነት ነው! ወረቀቱን አጥፎ የፊርማዋን ቦታ ብቻ የሚያሳየውን ጸሐፊ አስቡት። ዓይናችሁ እንዳይደክም ነው እኮ። የባሱ ጀግኖችም አሉ። «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሳጥን ስልካቸው ላይ በግማሽ ሰከንድ ይነካሉ። አርባ ገጽ በግማሽ ሰከንድ! እንዲህ ያለ አንባቢ ይዘን ነው መጽሐፍ አይነበብም የምንለው።

ይህን ልማድ የእኛ ብቻ አድርገን ማየቱ ግን ትዕቢት ይሆናል። ፈረንጅም ችሏል። እንዲያውም ሐውልት የሚገባው ፊርማ ያለው በቅርጫት ኳስ ታሪክ ውስጥ ነው።

ስፒሪትስ ኦፍ ሴንት ሉዊስ የሚባል የአሜሪካ ክለብ ነበር። የኖረው ከ1974 እስከ 1976 ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ስሙን የወሰደው ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 ከኒው ዮርክ ፓሪስ ብቻውን ካበረራት አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኗ በደህና ገብታለች። ክለቡ ሁለት ዓመት በርሮ ወደቀ።

ይጫወት የነበረው ኤቢኤ በሚባለው ሊግ ነው። በ1967 ከኤንቢኤ፣ ማለትም ከትልቁ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ጋር ሊፎካከር የተቋቋመ ነው። ኳሱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነበር። ከሩቅ ለገባ ኳስ ሦስት ነጥብ ይሰጥ ነበር። ኤንቢኤ ይህችን ሕግ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1979፣ ለራሱ ወሰዳት። ገንዘብ ግን አልነበረም። ክለቦች ይከስራሉ፣ ከተማ ይቀይራሉ፣ ስም ይቀይራሉ። ስፒሪትስም ራሱ ካሮላይና ኩገርስ የሚባል ክለብ ነበር። ኦዚ እና ዳንኤል ሲልና የሚባሉ፣ በጨርቃ ጨርቅ የከበሩ ወንድማማቾች ገዙትና ጓዙን ጠቅልለው ሴንት ሉዊስ አወረዱት።

ውጤቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ረዥም ውጤት የለውም። የመጀመሪያው ዓመት 32 አሸነፈ፣ 52 ተሸነፈ። ሁለተኛው ዓመት 35 አሸነፈ፣ 49 ተሸነፈ። አንድ ጊዜ ብቻ ጉድ አሳየ። በ1975 ጥሎ ማለፍ ላይ፣ ጁሊየስ ኤርቪንግ የሚመራውን የዓምናውን ሻምፒዮን ኒው ዮርክ ኔትስን በአምስት ጨዋታ 4 ለ 1 አሰናበተ። በሚቀጥለው ዙር በኬንታኪ ኮሎኔልስ 4 ለ 1 ተሸኘ። ከሰው በኩል ግን ሀብታም ነበር። ኋላ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ሞሰስ ማሎን ገና በወጣትነቱ ለዚህ ክለብ ተጫውቷል። ጨዋታውን በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ቦብ ኮስታስ ሲጀምር የ22 ዓመት ልጅ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ስፖርት የሚከታተል ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ለእኔ ግን የዚህ ክለብ ትልቁ ሰው ማርቪን ባርነስ ነው። በ1975 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተጫዋች ተብሏል፤ ኳሱን ይችል ነበር። እኔ የምወደው ግን ለሌላ ነው፤ ማርቪን ያነባል። ኮስታስ ደጋግሞ የሚተርከው ታሪክ አለ። ክለቡ ከሉዊቪል ወደ ሴንት ሉዊስ ሊበር ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ። ቲኬቱ ላይ መነሻ 8፡00፣ መድረሻ 7፡56 ይላል። ጓደኞቹ ቲኬታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ፎርማሊቲ ነዋ! ማርቪን ግን ቆሞ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከመነሳቱ በፊት የሚደርስ አውሮፕላን! በጊዜ ወደ ኋላ በሚሄድ ማሽን አልሳፈርም ብሎ እምቢ አለ። መኪና ተከራይቶ በየብስ ሄደ። ሰው ሁሉ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲስቅበት ኖሯል። እኔ አልስቅም። በእኛ ሁለት ሰዓትና በእነሱ ስምንት ሰዓት መካከል ተምታቶበት አውሮፕላን ያመለጠው ሐበሻ ባርነስ ላይ የመሳቅ መብት የለውም። ደግሞስ በዚያ ክለብ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ከልቡ የወሰደ እሱ ነው። እሱና የክለቡ ባለቤቶች።

ወደ ፊርማው መጣን።

በ1976 በጋ ኤቢኤ ፈረሰ። ኤንቢኤ ከቀሩት ውስጥ አራቱን ተቀበለ። ዴንቨር ናጌትስ፣ ኢንዲያና ፔሰርስ፣ ኒው ዮርክ ኔትስ እና ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ናቸው። ለመግቢያ እያንዳንዳቸው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ሁለት ክለቦች በር ላይ ቀሩ፤ ኬንታኪ እና የኛው ስፒሪትስ። እነሱ ሳይስማሙ ነገሩ አያልቅም። የኬንታኪው ባለቤት ጆን ብራውን በተጠበሰ ዶሮ የከበሩ ሰው ነበሩ። ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ተቀበሉ፣ ተጨባበጡ፣ ሄዱ። ጥሬ ገንዘብ፣ ንጹሕ ፍቺ። ሁሉም ብልጥ አሏቸው።

ሲልናዎች ግን ዶናልድ ሹፓክ ከሚባል ጠበቃቸው ጋር ቁጭ አሉ። 2.2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ እንቀበላለን አሉ። ቀሪዋን በአንዲት መስመር እንተካት አሉ። ከአራቱ ክለቦች ከእያንዳንዳቸው የቴሌቪዥን ገቢ ላይ አንድ ሰባተኛ ይሰጠን። እስከ መቼ? ሊጉ እስካለ ድረስ።

የጊዜውን ቴሌቪዥን አስቡ። የቅርጫት ኳስ ያኔ ማንም የማይሽቀዳደምበት ፕሮግራም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ እንኳ፣ የ1980 የፍጻሜው የመጨረሻ ጨዋታ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በቀጥታ አልታየም። ተቀርጾ፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ካለቀ በኋላ ሌሊት ነው የቀረበው። ከዚህ ገቢ ላይ አንድ ሰባተኛ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ አይደል? ሊጉና አራቱ ክለቦች አላነበቡትም አልልም፤ እነሱም ጠበቃ ነበራቸው። ግን መንፈሱ የኛው ነው። ይቺ ምን ታመጣለች፣ ፎርማሊቲ ናት፣ ፈርምና አሳልፈው። ፈረሙ። አሳለፉት።

የሰማይዋ ላም ወረደች።

ስሌቱን ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ ይህን ሒሳብ ስሠራ ደስ ይለኛል። አራት ክለብ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ሰባተኛ። አራት ሰባተኛ ሆነ። ይህ ማለት የሞተው ክለብ፣ በሕይወት ያለ አንድ ክለብ ከቴሌቪዥን ከሚያገኘው ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ተጫዋች የለውም። አሠልጣኝ የለውም። የሜዳ ኪራይ፣ የጉልበት ሕክምና፣ የሚሳደብ ደጋፊ የለውም። ሽንፈት የለውም! ከ1976 ወዲህ አንድም ጨዋታ ተሸንፎ አያውቅም። ማጂክ ጆንሰን እና ላሪ በርድ በ1979 ሊጉን ሲቀላቀሉ ሕዝቡ ቴሌቪዥን ከፈተ፤ ላሟ ታለበች። በ1984 ማይክል ጆርዳን መጣ፤ ላሟ ወፈረች። ጆርዳንን ለቺካጎ የመረጠው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ሮድ ቶርን። በ1975 ስፒሪትስን ማሠልጠን የጀመረው ሮድ ቶርን! ክለቡ ሞቶ እንኳ አሠልጣኙ ለቀድሞ አለቆቹ ላም ያደልብላቸው ነበር። ስፐርስ ዋንጫ ሲበላ ሳን አንቶኒዮ ጨፈረች፤ ሲልናዎች ተቀበሉ። ኔትስ ሲሸነፍ ደጋፊው አለቀሰ፤ ሲልናዎች ተቀበሉ። የማንም ድል፣ የማንም ሽንፈት፣ ሲልናዎች ተቀበሉ። በ2012/13 የውድድር ዘመን ብቻ ወደ 19 ሚሊዮን ዶላር እንደተቀበሉ ተዘግቧል። አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጠቅላላው ወደ 300 ሚሊዮን ደረሰ።

ሊጉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነቅቶ ነበር። ይቺን መስመር ሽጡልን አለ። በጥቂት ሚሊዮኖች ልዩነት ሳይስማሙ ቀሩ። የቆጠበውን ገንዘብ አስቡት! በ2014 መጀመሪያ እንደገና ሲደራደሩ ዋጋው 500 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ያም ሆኖ መስመሯ ሙሉ በሙሉ አልተሰረዘችም፤ አነስ ያለ ድርሻ ቀርቶላቸዋል። የፊርማ ዋጋ እንዲህ ነው የሚቆጠበው። የዶሮው ባለሀብት ብልጠትም እንዲህ ነው የሚታየው።

እንግዲህ ሳያነቡ የሚፈርሙ ወገኖቼ፣ ዘመዶቻችሁ እነዚህ ናቸው። ኩሩ። እነሱስ ቢሆን የጎዱት ራሳቸውን ነው፤ ባለጠጋ ባለጠጋውን አለበ። ማንም ራት ሳይበላ አላደረም።

የቅዳሜው ግን እንዲያ አልነበረም። እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል።

ወረቀቱ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ግራውንድ የሚኖሩ አንዲት እናት ጋ ደርሶ ነበር። ማንበብ አይችሉም። «ልጄ፣ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። አዟሪው፣ «ምንም አይልም እማማ፣ ፎርማሊቲ ነው» አለና አውራ ጣታቸውን ይዞ ቀለሙ ላይ ነካ፣ ወረቀቱ ላይ ተጫነ። ምንም አይልም! ምንም የማይል ወረቀት ላይ የሰው ጣት ለምን ይታተማል? አንድ ደቂቃ ቢያነብላቸው ምን ይጎድልበታል? ማንበብ የማይችል ሰው «ምን ይላል?» ሲል ዓይንህን አበድረኝ ማለቱ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ጣታቸውን የያዘ ሰው ሌባ ነው። ሌላ ስም የለውም። ዳር ሆነን ዝም ያልነውም ከሌባው ብዙ አንርቅም፤ እኔም አለሁበት።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ገጹን የገለጥሁት በሳቸው ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ገጽ የተገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ተራ ቁጥር 4፣ ከላይ የፈረምን ነዋሪዎች በየወሩ ለሊፍት ጥገና ለማዋጣት ተስማምተናል ይላል። ለስንት ጊዜ? ላልተወሰነ ጊዜ። ሕንፃችን ሊፍት የለውም። ኖሮትም አያውቅም። ሊፍት ቢኖረን እንኳ ግራውንድ የሚኖሩት እናት ወዴት ሊወጡበት ነው?

እጄን አወጣሁ። «ጊዜ የለንም ወንድሜ» ተባልሁ። «የሌላ ሕንፃ ፎርም ተቀድቶ ነው፤ ኋላ ይስተካከላል። ፈርም።»

ሰው ሁሉ ሊወጣ ቆሟል። ስለ ሲልና ወንድማማቾች አሰብሁ። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ከተራ ቁጥር 4 ሥር፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ ተራ ቁጥር 5 ብዬ ጨመርሁ፦ «ከዚህ መዋጮ ላይ አንድ ሰባተኛው፣ ሕንፃው ቆሞ እስካለ ድረስ፣ ግራውንድ ለሚኖሩት እናት በየወሩ ይከፈላል።» ከዚያ ፈረምሁ። ለቀጣዩ አሳለፍሁት።

ከእኔ በኋላ ሃያ ሦስት ሰው ፈረመ። ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ ተቀብሎ ማኅተሙን መታበት።