የቧንቧውን ታሪክ የሚያውቁት ሳይበተኑ

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2010 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ፣ ቨርሞንት ግዛት። ቨርሞንት ያንኪ በሚባለው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ግቢ ውስጥ ከተቆፈሩት የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች የአንዱ ውሃ ሲመረመር ትሪቲየም ተገኘበት። ትሪቲየም ጨረር የሚያወጣ የሃይድሮጂን ዓይነት ነው። ራሱ የውሃው አካል ስለሚሆን ውሃ በሄደበት ይሄዳል፤ በተለመደው ማጣሪያም አይያዝም። ምንጩ ሲፈለግ ሲፈለግ መሬት ውስጥ ያሉ ቧንቧዎች ሆነው ተገኙ።

ይሄ በራሱ ብዙም ባላስገረመ ነበር። ያረጀ ቧንቧ ያፈሳል። ጉዱ ሌላ ነው። የጣቢያው ኃላፊዎች ቀደም ሲል በግዛቲቱ ባለሥልጣናት ተጠይቀው፣ ጨረር ያለበት ነገር የሚያልፍበት ቧንቧ ከመሬት በታች የለንም ብለው ነበር። በሚቀጥለው ወር የግዛቲቱ ሴኔት የጣቢያው ዕድሜ እንዳይራዘም 26 ለ4 ድምፅ ሰጠ።

ዋሽተው ነው ወይስ ሳያውቁ? ያኔ ብዙ ተብሎበታል። እኔን ግን ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። የዋሸ ሰው ቢያንስ ቧንቧው የት እንዳለ ያውቃል።

ጣቢያው በ2014 መጨረሻ ተዘጋ። በ2019 ደግሞ የማፍረስ ሥራ ለሚሠራ ኩባንያ ተላለፈ። በዓለም ላይ እስካሁን ከ200 በላይ ሪአክተሮች ላይመለሱ ተዘግተዋል። እስከ መጨረሻው ፈርሰው መሬታቸው ለሌላ ሥራ የተለቀቀው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ዋናው ሥራ ገና ከፊት ነው። ከመፍረሱ በፊት የሚደረገው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ መቼና እንዴት ይሠራ የሚለውም ከአሁኑ መልክ ሊይዝ ይገባል። የእኔ አቋም አጭር ነው። መጀመሪያ ላይ ይሠራ። በዚያው መሬት ላይ ይሠራ። ጣቢያውን ያንቀሳቀሱት ሰዎች በየፊናቸው ሳይበተኑ ይሠራ።

አንድ ማመንጫ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚወጣው ነዳጁ ነው። በግቢው ውስጥ ካለው የጨረር ምንጭ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ከነዳጁ ጋር አብሮ ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እፎይ ይላል። እውነትም ትልቁ አደጋ ቀንሷል። የሚቀረው በኒውትሮን ሲደበደብ ኖሮ ራሱ ጨረር አመንጪ የሆነ ብረት፣ ውሃ የጠጣ ኮንክሪት፣ ቧንቧ፣ ታንከር፣ ከሥሩ ያለው አፈርና ከአፈሩ ሥር ያለው ውሃ ነው። የአካባቢ ግምገማ የሚባለው ይሄን ሁሉ ስንቆርጥ፣ ስንፈጭ፣ ስንጭን ምን ይከተላል ብሎ የሚጠይቅ ሰነድ ነው። አቧራው፣ የጭነት መኪናው፣ ወንዙ፣ ዓሣው፣ የሠራተኛው ጤና፣ ቆሻሻው የሚሄድበት ቦታ ሁሉ ይነሳበታል።

አሜሪካኖቹ ይሄን ጥያቄ በጅምላ ነው የመለሱት። የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ በ1988 ለሁሉም ማመንጫዎች የሚሆን አንድ አጠቃላይ የአካባቢ ተጽዕኖ ሰነድ አወጣ። በ2002 አደሰው። አንድ ጣቢያ ሲዘጋ ባለቤቱ በ2 ዓመት ውስጥ ዕቅዱን ያቀርባል። ዕቅዱ ውስጥም የእኛ ሥራ የሚያስከትለው ተጽዕኖ ቀድሞ ከተገመገመው አያልፍም ብሎ ምክንያቱን ያስረዳል። ኮሚሽኑ በአካባቢው ስብሰባ ይጠራል፣ አስተያየት ይቀበላል። ዕቅዱን ግን አያጸድቅም። ልብ በሉ፣ ሰነዱ የሚቀርብለት አካል አጽድቄዋለሁ አይልም። ከቀረበ ከ90 ቀን በኋላ ዋናው ማፍረስ ሊጀመር ይችላል። ያ መሬት፣ ያ ጉድጓድ፣ ያ ወንዝ ለብቻው በደንብ የሚታየው ፈቃዱ ሊዘጋ ሲል በሚቀርበው የመጨረሻ ዕቅድ ላይ ነው። ያኔ ብዙው ሕንፃ ወርዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

ለጅምላው ሰነድ የሚከራከሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ፓምፕ የትም ቢቆረጥ ፓምፕ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ከዜሮ መጻፍ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው ይላሉ። ስለ ፓምፑ እስማማለሁ። አፈር ግን እንደ ፓምፕ በካታሎግ አይመጣም። አንዱ ጣቢያ አሸዋ ላይ ተቀምጧል። ሌላው በተሰነጣጠቀ ዓለት ላይ ቆሟል፤ ውሃው በየትኛው ስንጥቅ እንደሚወርድ ሳይቆፈር አይታወቅም።

በእንግሊዝ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። በ1999 በወጣው ደንብ መሠረት ሪአክተር ማፍረስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የአካባቢ ሰነዱን ያቀርባል፣ ሕዝብ ይጠየቃል፣ ከተቆጣጣሪው ፈቃድ ሳያገኝ መፍታት አይጀምርም። የአውሮፓ ኅብረትም በ1997 ባደረገው ማሻሻያ የኒውክሌር ሪአክተር ማፍረስን የግድ ግምገማ ከሚደረግባቸው ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። የእንግሊዙም ቢሆን እንከን አለበት። ሥራው አሥርት ዓመታት ሲፈጅ የመጀመሪያው ቀን ሰነድ ያረጃል። ቢሆንም ጥያቄው ከመጋዙ ይቀድማል።

አሁን ወደ መሬቱ ልውረድ፤ ነገሩ የሚገባው እዚያ ነው።

ወለሉ በኖራ መስመር አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ተደርጎ ተከፋፍሏል። ሠራተኛው መለኪያውን ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ይዞ ቀስ እያለ ይሄዳል። ቸኮል ካለ መሣሪያው ያመልጠዋል። ክብ ትንሽ ወረቀት አውጥቶ ግድግዳውን ጠረግ ያደርጋል፣ ወረቀቱን ለብቻው ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ቦታ በቀለም ይከበባል። ከዚያ የሚፍቅ ማሽን ይመጣና ኮንክሪቱን በስሱ ይልጠዋል። እንደገና ይለካል። አሁንም ካለ እንደገና ይላጣል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሚሠሩትንም አደንቃለሁ።

ይሁን እንጂ ያ መለኪያ የሚያየው ላይ ላዩን ያለውን ነው። ግማሽ ሜትር አፈር ከላዩ ካለበት ጋማ የሚባለውን ዘልቆ የሚሄድ ጨረር እንኳ እምብዛም አያየውም። ትሪቲየምና ስትሮንሺየም-90 የሚባለው ሌላ ጨረር አመንጪ ደግሞ የሚያወጡት ቤታ ነው፤ ቤታ ሩቅ አይዘልቅም። ጥቂት አፈር ይበቃቸዋል፤ ሠራተኛው በላያቸው ሲመላለስ ቢውል ድምፃቸው አይሰማም። እነሱን ለማግኘት ጉድጓድ መቆፈር፣ ውሃውን መቅዳት፣ ላብራቶሪ መውሰድ ያስፈልጋል። የት ይቆፈር?

ይሄን የሚያውቀው ሰው ነው። ያኔ የሌሊት ፈረቃ የነበረው ሰውዬ ያስታውሳል። ታንኩ ሞልቶ የፈሰሰ ዕለት ውሃው በየት በኩል እንደወረደ፣ የትኛው አስፋልት ከዚያ በኋላ እንደተነጠፈ። የአሜሪካ ሕግ ለማፍረስ ጊዜ የሚጠቅም የፍሳሽ መዝገብ እንዲያዝ ያዛል። ያ ግዴታ የመጣው ግን በ1988 ነው። ብዙ ጣቢያዎች ግን በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ሥራ ጀምረው ነበር። በመሃል ያለው ታሪክ ተበታትኖ የቀረው በየቢሮው መሳቢያና በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። የመሬት ቅኝት መመሪያዎቹ ራሳቸው የቀድሞ ሠራተኞችን አነጋግሩ ይላሉ። መቼ የሚለው ነው ችግሩ።

ኮኔቲከት ያንኪን ውሰዱ። ከ1968 እስከ 1996 የሠራ ጣቢያ ነው። መፍረስ ከጀመረ በኋላ ነው የከርሰ ምድር ውሃው ጉዳይ ትልቅ ራስ ምታት የሆነው። ስትሮንሺየም-90ም ተገኘ። ከታሰበው በላይ አፈርና ዓለት ተቆፍሮ ወጣ። ባለቤቱና ሥራ ተቋራጩ ተጣልተው ፍርድ ቤት ደረሱ። አንዱ የክርክራቸው ጭብጥ የከርሰ ምድር ውሃው ሁኔታ አስቀድሞ ተነግሯል አልተነገረም የሚል ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ማፈስ ባይቻልም የት እንደፈሰሰ ቀድሞ መጠየቅ ግን ይቻል ነበር።

ታዲያ በአሜሪካ ሕግ አንድ ጣቢያ ከተዘጋ በኋላ ፈርሶ ለማለቅ እስከ 60 ዓመት ጊዜ አለው። ቆልፎ፣ አጥሮ፣ አስጠብቆ መቀመጥ ይቻላል። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ሠራተኛን በብዛት የሚያስቸግረው ኮባልት-60 በየ5.3 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። 50 ዓመት ብትጠብቅ ወደ 700ኛ እጅ ይወርዳል። ብረቱን የሚቆርጠው ሰው የሚደርስበት ጨረር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይሄ ለሠራተኛው ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በዚያው 50 ዓመት ውስጥ የሌሊት ፈረቃው ሰውዬም የለም። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ትዝታውም አብሮ ይቀዘቅዛል። ሁለቱን ማስታረቅ ከባድ አይመስለኝም። መቁረጡ ይቆይ፤ መጠየቁና ጉድጓድ መቆፈሩ አሁን ይደረግ። አፈር ለመመርመር ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግም።

ሌላው ክርክር የሚነሳው መሬቱ ምን ያህል ንጹሕ ይሁን በሚለው ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መስፈርት መሬቱ ያለ ገደብ ሲለቀቅ እዚያ የሚኖር ሰው በዓመት ከ25 ሚሊሬም፣ ማለትም ከ0.25 ሚሊሲቨርት በላይ ጨረር እንዳያገኘው ነው (ሁለቱም ሰው የሚያገኘው ጨረር መለኪያዎች ናቸው)። በዓለም ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ የሚያገኘው በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ስለሆነ አንድ አሥረኛው ያህል ነው። ትንሽ ናት። የሚያስጮህ ቁጥር አይደለም። ግን የሜይን ግዛት ሰዎች አልበቃቸውም። ሜይን ያንኪ ሲፈርስ ዕቅዱ የተፈጨውን ኮንክሪት የሕንፃዎቹ ምድር ቤት ውስጥ ሞልቶ መቅበር ነበር። ነዋሪው ተቃወመ። የግዛቲቱ ምክር ቤት በ2000 መስፈርቱን ወደ 10 ሚሊሬም አወረደው፤ ከከርሰ ምድር ውሃ የሚመጣው ደግሞ ከ4 እንዳይበልጥ አለ። ኮንክሪቱ ተጭኖ ከግቢው ወጣ። ሥራው በ2005 አለቀ። ሰማይ አልተደፋም።

እዚህ ላይ ግን እኔም ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ያ ኮንክሪት የሄደው ወደ ሌላ ሰው ሰፈር ነው። ጀርመን ውስጥም ከጣቢያ የወጣ፣ ተለክቶ ከገደብ በታች ነው የተባለ ፍርስራሽ ወደ ተራ የቆሻሻ መድፊያ ሲላክ የመድፊያው ጎረቤቶች ተቃውመዋል። ግምገማው አጥር ላይ የሚቆም ከሆነ ችግሩን አንቀሳቀሰው እንጂ አልመረመረውም። የቆሻሻው መድረሻ ያሉትም ሰዎች ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሊጠየቁ ይገባል።

መጠየቅ ስል ለወጉ ያህል ማለቴ አይደለም። በ2011 አደጋ የደረሰበትን የጃፓኑን የፉኩሺማ ማመንጫ አስታውሱ። ጃፓን ከኦገስት 24 ቀን 2023 ጀምሮ ወደ ባሕር የምትለቀው የታከመ ውሃ በሊትር ከ1,500 ቤክረል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) ትሪቲየም እንዳያልፍ ወስናለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ 10,000 ነው። በቁጥሩ በኩል ክርክሩን አሸንፈዋል ማለት ይቻላል። ሆኖም በ2015 ለአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች የሚመለከታቸው ሰዎች ሳይግባቡበት ምንም አንለቅም ተብሎ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ውሃው ሲለቀቅ አስጋሪዎቹ ገና እየተቃወሙ ነበር። ቤክረል ቆጥሮ ይሄን ቁርሾ የሚሽር ሳይንቲስት የለም።

ስለ ነዳጁ ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሜይን ያንኪ ፈርሶ አልቋል ሲባል 64 ትልልቅ ኮንክሪትና ብረት ማስቀመጫዎች በአጥር ውስጥ ቀርተዋል። አብዛኞቹ ያገለገለ ነዳጅ ይዘዋል። መሄጃ ስለሌላቸው ጠባቂ ተቀጥሮላቸው ቆመዋል።

ወደ ሌሊት ፈረቃው ሰውዬ ልመለስ። እሱን ለማናገር የሚከብደው ገንዘቡ አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው። የዛሬ 30 ዓመት ቫልቭ ሳይዘጋ ረስቶ ይሆናል። አለቃው ዝም በል ብሎት ይሆናል። አሁን ቢናገር ጡረታው የሚነካበት፣ ስሙ የሚነሳበት፣ የሚከሰስ ይመስለዋል። ስለዚህ ግምገማው ውስጥ አንድ ነገር በግልጽ ይጻፍ እላለሁ። ጣቢያው በተዘጋ በመጀመሪያው ዓመት ጠባቂውም፣ ጽዳት ሠራተኛውም፣ ቧንቧ ሠሪውም ሳይቀር ይጠራ። የቀኑ አበል ይከፈለው። የተናገረው ነገር እንደማይጠየቅበት በጽሑፍ ይሰጠው። አነጋጋሪውም ጣቢያውን ሲያስተዳድር የኖረው ኩባንያ ሳይሆን ሌላ ይሁን። ከዚያ የግቢው ካርታ ጠረጴዛው ላይ ይዘርጋና እርሳስ ይሰጠው። ክብ ያደረገበት ቦታ ሁሉ ይቆፈር።